«የትኛው ቲዎሪ ነው ትክክል?» ድባቴን በተመለከተ ለአንዲት የነርሲንግ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው። የታማሚዋ ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን አሳጥሬዋለሁ፣ ቀያይሬዋለሁም።

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሳይካትሪ ነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አሁን መሃል አዲስ አበባ ባለ ሆስፒታል አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ነን። የደረሰኝ ኬዝ የ48 ዓመት እናት ናቸው። ባለቤታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ሞተዋል። ካዛንቺስ የነበረው የቀበሌ ቤታቸው ለልማት ሲፈርስ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እዚያ ሰፈር እንጀራ ይሸጡ ነበር፤ አሁን ቀርቷል። አይበሉም፣ ከአልጋ አይነሱም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነቃሉ። ክፍል ውስጥ ስለ ድባቴ መነሻ ፍሮይድን፣ ቤክን፣ ሴሊግማንን፣ ሌዊንሶንን፣ ኢንተርፐርሰናል ቲዎሪን ተምረናል። መምህራችን አንዱን መርጣችሁ ኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ጻፉ ብለውናል። ዋርድ (ታማሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ላይ ያሉ ሲኒየሮች ደግሞ የኬሚካል ጉዳይ ነው፣ መድኃኒታቸውን ስጪ ይሉኛል። እሳቸው ራሳቸው የኃጢአቴ ዋጋ ነው ይላሉ። የትኛው ነው ትክክል?»

እህቴ፣ «የትኛው ትክክል ነው?» ብለሽ ከጀመርሽ ኬር ፕላኑ አይጻፍም። ጥያቄውን እንዲህ አድርጊው፤ ነገ ጠዋት ከኚህ እናት አጠገብ ስቀመጥ ይሄ ቲዎሪ ምን እንድጠይቅ፣ ምን እንዳደርግ ይነግረኛል? መልስ ካለው ለነርስ ይጠቅማል። ከሌለው ለፈተና አጥኚውና እለፊው።

ከቲዎሪው በፊት ግን አንድ ነገር። ራስን ስለማጥፋት ጠይቀሻቸዋል? በጻፍሽልኝ ውስጥ አላየሁም። ተማሪዎች ይሄን ጥያቄ የሚፈሩት ሐሳቡን እናስገባባቸዋለን ብለው ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። እንዲያውም ብዙ ሰው ይቀለዋል። በአንዴ መግባት ከከበደሽ ቀስ በይ። «እንዲህ ሲጨንቅዎት፣ ምነው አምላኬ በወሰደኝ ብለው ያውቃሉ?» ይሄን አብዛኞቹ ይመልሱታል። ከዚያ «እርስዎስ ራስዎ ላይ አንድ ነገር ለማድረግ አስበው ያውቃሉ?» በይ። አዎ ካሉ ዕቅድ እንዳላቸው ጠይቂ፣ ብቻሽን አትያዢው፣ ወዲያው ለኃላፊዋ ነርስና ለሐኪሙ ንገሪ። አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ተስፋ መቁረጥ ራስን የማጥፋት አደጋን አስቀድሞ የሚጠቁም ትልቅ ምልክት ነው። ስለዚህ «ከስድስት ወር በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?» የምትለዋን ጥያቄ ወሬ ማሳመሪያ አድርገሽ አትያት። «ምን ከስድስት ወር በኋላ አለ!» የሚል መልስ ከመጣ ጻፊው።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ኬር ፕላኑን በሌዊንሶን ላይ እሠራው ነበር። ተማሪዎች በጣም ቀላል ስለሆነ ይንቁታል።

ፒተር ሌዊንሶን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያለው ይሄን ነው። ሰው የሚሠራው ነገር አንድ ጥሩ ነገር ሲመልስለት መሥራቱን ይቀጥላል። የሚመለሰው ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ ምስጋናም፣ ሰላምታም። መልሱ ሲቋረጥ ሥራውን ይተዋል። ሲተወው የቀረችውም መልስ ትደርቃለች። እየከበደ ይሄዳል። አሁን የኚህን እናት ካዛንቺስ አስቢ። ጠዋት ምጣዱ ይጣዳል። ደንበኛ ይመጣል፣ ሰላም ይላል፣ ይከፍላል። ከሰዓት ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ዕቁብ አለ። እድር አለ። ቤተክርስቲያኑ በእግር ይደረሳል። ዕቃቸው መኪና ላይ በተጫነ ቀን ይሄ ሁሉ አብሮ ቆመ። አዲሱ ቤት ከድሮው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ኩሽና። ግን አራተኛ ፎቅ ወጥቶ እንጀራ የሚገዛ ደንበኛ የለም። ጎረቤቱም ገና በስም አይተዋወቅም።

ስለዚህ ሂስትሪ (የታማሚዋን ታሪክ) ስትወስጂ «ምን ይሰማዎታል?» ብቻ አትበይ። «ካዛንቺስ እያሉ ማክሰኞ ቀን እንዴት ይውል ነበር?» በይ። ሰዓት በሰዓት። ከዚያ «ያለፈው ማክሰኞስ?» በሁለቱ መካከል የጎደለው ነገር የኬር ፕላንሽ ጥሬ ዕቃ ነው።

ሥራው ምንድን ነው? «አይዞዎት፣ በርቱ» ማለት አይደለም። በርቱ መባልማ ከጎረቤትም፣ ከዘመድም፣ ከጥበቃውም ሲባሉ ከርመዋል። ድባቴ ያለበት ሰው «ሲሻለኝ እነሳለሁ» ይላል። ይሄ ቲዎሪ ደግሞ ሲነሱ ነው የሚሻላቸው ይላል። ስለዚህ ስሜቱን ሳንጠብቅ ትንሽ ነገር እናስጀምራለን። ትንሽ ስልሽ በጣም ትንሽ ነው። ዛሬ ከአልጋ ወርደው መስኮቱ አጠገብ 10 ደቂቃ ይቀመጣሉ። ነገ ፊታቸውን ታጥበው ኮሪደሩን አንድ ጊዜ ይሄዱታል። ከነገ ወዲያ አጠገባቸው የተኛችውን ልጅ ሹሩባ ይሠሩላታል። ሰዓቱን አብራችሁ ወስኑ። ከመሥራታቸው በፊትና በኋላ ስሜታቸውን ከ0 እስከ 10 ጠይቂያቸውና ጻፊ። ከ2 ወደ 3 ከወጣ አሳያቸው። እሳቸው ራሳቸው ያመጡት ለውጥ ነው።

ይሄ የተማሪ ጨዋታ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ የቤክን ኮግኒቲቭ ቴራፒ (ሐሳብን በመመርመር የሚሰጥ የንግግር ሕክምና) ከፋፍለው ሞከሩት። እንቅስቃሴን የማስጀመሩ ክፍል ብቻውን የሙሉውን ቴራፒ ያህል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሕንድ ጎዋ ውስጥ፣ የሙያ ዲግሪ የሌላቸው አማካሪዎች በጤና ጣቢያዎች ይሄንኑ መንገድ ይዘው ከባድ ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች ሲረዱ ጥሩ ውጤት ታየ። ሳይኮሎጂስት እንደልብ በማይገኝበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ነርስ ልትሠራው ትችላለች ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሌዊንሶን አይመልስልሽም። ከካዛንቺስም ከፒያሳም የተነሳ ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም አልታመመም። ታዲያ እሳቸውን ምን ለያቸው?

እዚህ ላይ ከክፍል ዝርዝራችሁ የጎደለ ጥናት አለ። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ነው። ደቡብ ለንደን ካምበርዌል የሚኖሩ ሴቶችን አጠኑ። ከባድ ነገር የደረሰባቸው ብዙዎች ነበሩ። ወደ ድባቴ የመግባት ዕድላቸው ከፍ ያለው ግን ገበናቸውን የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው ያልነበራቸው ነበሩ። ከቤት ውጭ ሥራ የሌላቸው፣ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች የሚያሳድጉ፣ 11 ዓመት ሳይሞላቸው እናታቸውን ያጡም እንዲሁ። እኔ ከዚህ ሁሉ የመጀመሪያውን ነው አጥብቄ የምይዘው። እኛ ጋ «ሆድ ይፍጀው» ትልቅ ባህል ነው። ሰው ከብቦሽ እየዋለ ገበናሽን የምትነግሪው አንድ ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ዘመድ አለዎት?» የሚል ጥያቄ ምንም አይነግርሽም። ሁሉም ዘመድ አለው። «የሆድዎን የሚያጫውቱት ሰው ማን ነው? መጨረሻ ያገኙት መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «ባለቤቴ ነበር» ከሆነ፣ ወይም «የታች ቤቷ ጎረቤቴ ነበረች፣ አሁን እሷም ሌላ ቦታ ደረሳት» ከሆነ፣ ያን «ምን ለያቸው?» የሚል ጥያቄ መመለስ ጀምረሻል።

ይሄ ወደ ኢንተርፐርሰናል፣ ማለትም ከሰው ጋር ያለን ግንኙነት ወደሚያየው ቲዎሪ ይወስድሻል። ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን ያዘጋጁት ሕክምና አራት ነገር ይፈልጋል። ኀዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ጠብ፣ የኑሮ ወይም የማዕረግ ለውጥ፣ ብቸኝነት። የአንቺ ኬዝ ቢያንስ ሁለቱን ይዘዋል። ባል ሞተ፤ «ባለ እንጀራዋ» የሚባለው ስምና ቦታም ጠፋ። አፍሪካ ውስጥ አይሠራም እንዳይሉሽ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ የታተመ ጥናት ኡጋንዳ ገጠር ውስጥ በቡድን ሞክሮት ነበር። ቡድኖቹን የመሩት አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ለ16 ሳምንት በየሳምንቱ ተሰበሰቡ። የድባቴው ምልክት በጣም ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 የቡድን መመሪያውን አወጣ። የእድር አገር ሆነን ይሄን አለመጠቀማችን ይቆጨኛል።

ሴሊግማን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሱ ቲዎሪ ስለ ታማሚዋ ብቻ ሳይሆን ስለ ዋርዱም ይናገራል። ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙትን የውሾቹን ሙከራ ታውቂዋለሽ። ማምለጥ በማይችሉበት ሁኔታ የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸውም ብዙዎቹ ተኝተው ቀሩ። የተማረ ረዳት የለሽነት ተባለ። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቀጣዩ ነው። ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሁለቱ ራሳቸው ነገሩን ገልብጠን ነበር ያነበብነው አሉ። ለረጅም ጊዜ መከራ ሲደርስ መፍዘዝ ሳይማሩት የሚመጣ የአንጎል ምላሽ ነው። የሚማሩት «በእጄ ያለ ነገር አለ» የሚለውን ነው።

አሁን ዋርዱን ተመልከቺ። ታማሚዋ መቼ እንደሚበሉ እኛ እንወስናለን። መቼ እንደሚታጠቡ እኛ። መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ እኛ። ስልካቸው እኛ ጋ ነው። ስለ መድኃኒታቸው ከሳቸው ጋር ሳይሆን ከልጃቸው ጋር እናወራለን፣ እሳቸው እየሰሙ። ራውንድ (የሐኪሞች የአልጋ ጉብኝት) ላይ ስድስት ሰው አልጋቸውን ከቦ በእንግሊዝኛ ይነጋገራል። በእጃቸው ያለ ነገር እንደሌለ ይሄ ሁሉ ያስተምራል። አንቺ ራውንዱን አትለውጪውም። ግን «አሁን ይታጠቡ ወይስ ከቁርስ በኋላ?» ማለት ትችያለሽ። ራውንዱ ሲያልቅ ተመልሰሽ የተባለውን በአማርኛ መንገር ትችያለሽ። ኬር ፕላኑ ላይ «ታማሚዋ በቀን ቢያንስ ሁለት ነገር ራሳቸው ይወስናሉ» ብለሽ ጻፊ። ቀላል ይመስላል። ዋርድ ላይ ግን ሲደረግ ብዙም አይታይም።

ከዚሁ ጋር የኃጢአቱ ነገር ይያያዛል። ሴሊግማን ከሊን አብራምሰንና ከጆን ቲስዴል ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ቲዎሪውን ሲያሻሽል፣ ሰው ለደረሰበት ነገር የሚሰጠውን ምክንያት በሦስት ጥያቄ አየው። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የሌላ? ያልፋል ወይስ ሁልጊዜ ይኖራል? ይሄን ነገር ብቻ ነው የሚነካው ወይስ ሕይወቴን በሙሉ? «የኔ ነው፣ አያልፍም፣ ሁሉንም ይነካል» የሚል ሰው ለድባቴ የቀረበ ነው።

«የኃጢአቴ ዋጋ ነው» የሚለውን በዚህ ስሚው። ቸኩለሽ «አይደለም እማማ፣ ይሄ በሽታ ነው» አትበይ። እምነታቸውን የነካሽባቸው ይመስላቸዋል፣ በሩንም ይዘጉብሻል። ይልቅ ሁለተኛዋን ጥያቄ አስቢ። ያልፋል ወይስ አያልፍም? በራሳቸው እምነት ኃጢአት ንስሐ አለው። ስለዚህ «የንስሐ አባትዎን ካዩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ብለሽ ጠይቂ። ምናልባት ከካዛንቺስ ከወጡ ወዲህ አላገኟቸው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ አንድ ተጨማሪ የተቋረጠ ግንኙነት አገኘሽ፤ ቤተሰብ ሊያገናኛቸው ይችላል። «የኔስ ይቅር አይባልም፣ እግዚአብሔርም ትቶኛል» ካሉና በምንም የማይነቃነቅ ከሆነ ግን ለሐኪሙ በዚያው ቀን ንገሪ። ድባቴው ከብዶ ከእውነታ መውጣት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ይለወጣል። ጸበልም ቢሆን ያው ነው። መድኃኒቱን እስካላቋረጡ ድረስ ከጸበል ጋር የምትጣዪበት ምክንያት የለም። ጠዋት ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ሰው መካከል ሄዶ መቀመጥ ሌዊንሶንም የሚወደው ነገር ነው።

ቤክን ሁሉም ተማሪ ይወደዋል፤ ሁሉም ተማሪ ደግሞ ያበላሸዋል። ሦስት ማዕዘኑን ታውቂዋለሽ፤ ስለ ራስ፣ ስለ ዓለም፣ ስለ ነገ የሚታሰብ ጨለማ ሐሳብ። ችግሩ ተማሪው «ይሄ የተዛባ ሐሳብ ነው» ብሎ ክርክር መጀመሩ ነው። ያውም ቤታቸው ከፈረሰ ሰው ጋር! ቤቱ እውነት ፈርሷል። ባልም እውነት ሞቷል። ቤክ ይሄን አይክድም። የሚመረመረው ከዚያ የተወሰደው ድምዳሜ ነው። «ቤቴ ፈረሰ» እውነት ነው። «ስለዚህ ለማንም አልጠቅምም» ግን ይጠየቃል። መጠየቁ ደግሞ ጥያቄ ይሁን፤ ስብከት አይሁን። «ልጅዎ ትናንት ለምን መጣች ይመስልዎታል?» በይና ዝም በይ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። ድባቴው በጣም በከበደበት ሳምንት ይሄን አትጀምሪ፤ ሐሳብ ማሰባሰብ ለማይችል ሰው ፈተና ይሆንበታል። ትንሽ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ይደርሳል።

ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ኀዘንን ከሜላንኮሊያ (ዛሬ ድባቴ ከምንለው) ሲለይ፣ በኀዘን ዓለሙ ባዶ ይሆናል፣ በሜላንኮሊያ ግን ሰውየው ራሱ ባዶ ይሆናል አለ። ላጡት ሰው የነበረ ቁጣ ወደ ራስ ይዞራል ብሎም አሰበ። ቤክ ራሱ ሳይኮአናሊስት (የፍሮይድን መንገድ የሚከተል ሐኪም) ሆኖ ይሄንን በታማሚዎቹ ሕልም ሊያረጋግጥ ነበር የተነሳው። ያገኘው ከቁጣ ይልቅ የማጣትና የመሸነፍ ሐሳብ ሆነ፤ የራሱ ቲዎሪም ከዚያ ወጣ። ስለዚህ በፍሮይድ ኬር ፕላን አትጻፊ፣ ለታማሚም አትተርጉሚ። ለጆሮሽ ግን ያዢው። እናቶቻችን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና…» ብለው ሲጀምሩ እስክሪብቶሽን አስቀምጪና ስሚ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምናልባት ዕዳ ነው፣ ምናልባት ሌላ ሴት፣ ምናልባት ዱላ። በለቅሶው፣ በአርባው፣ በተዝካሩ ማንም እንዲናገሩት አልፈቀደላቸውም። አንቺ ምንም ማለት የለብሽም። መስማትሽ ይበቃል።

ሲኒየሮቹን በተመለከተ፣ መድኃኒቱን ስጪ ማለታቸው ትክክል ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ድባቴ መድኃኒት ይሠራል፣ ከንግግር ሕክምና ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። «ኬሚካል ብቻ ነው» የሚለው ግን ከማስረጃው ያለፈ ነው። ለነርስ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ጥቅሙ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ይሄን ለታማሚዋም ለልጃቸውም አስቀድመሽ ንገሪ፣ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ያቆሙታል። አሚትሪፕቲሊን ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን ይጎዳል። ስለዚህ ሲወጡ ብዙ እንክብል በእጃቸው እንዳይሰጥ አንሺው፣ መድኃኒቱንም ቤተሰብ ይያዘው። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ መደረጉን፣ ቀድሞ ከልክ ያለፈ የደስታና የጉልበት ጊዜ ነበራቸው ወይ የሚለው መጠየቁንም ቻርታቸው ላይ እዪ።

የቀረሽ ፔፕላው ናት። ሂልደጋርድ ፔፕላው ነርስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የጻፈችው የነርስና የታማሚ ግንኙነት ራሱ ሕክምና ነው የሚል ነው። ግንኙነቱ መጀመሪያ አለው፣ መካከል አለው፣ መጨረሻ አለው። ተማሪዎች የሚረሱት መጨረሻውን ነው። አታችመንቱ ሲያልቅ ሳይሰናበቱ ይጠፋሉ። ለኚህ እናት ይሄ ሌላ እጦት ነው፤ ባል፣ ቤት፣ ጎረቤት፣ አሁን ደግሞ «ያቺ ልጅ»። ነገ ስትገቢ የምትጨርሺበትን ቀን ንገሪያቸው። ሁለት ቀን ሲቀርሽ ድገሚው። በመጨረሻው ቀን ከምትተካሽ ነርስ ጋር በስም አስተዋውቂያቸው።

መምህርሽ አንድ ምረጡ ስላሉ አንድ ምረጪ። ፊት ገጹ ላይ «የባህሪ ቲዎሪ፣ ሌዊንሶን» በይ። አሰስመንቱ (የታማሚዋ ግምገማ) ውስጥ የቅርብ ሰው ማጣትንና የተስፋ መቁረጥን ደረጃ አስገቢ። ነርሲንግ ዳያግኖሲሱ (ነርሷ የምትለያቸው ችግሮች ዝርዝር) ላይ ራስን የመጉዳት ስጋት ከሁሉ በላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ተስፋ ማጣት፣ ከዚያ ከማኅበራዊ ኑሮ መገለል። ግቡን «ታማሚዋ ይሻላቸዋል» ብለሽ አትጻፊ፤ እሱ አይለካም። «በ3 ቀን ውስጥ በተስማማንበት ሰዓት ከአልጋ ወርደው በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ይቀመጣሉ። በ7 ቀን ውስጥ አንዲት የካዛንቺስ ጎረቤታቸውን በስልክ ያነጋግራሉ።» የጎረቤቷን ቁጥር ልጃቸው ታገኘው ይሆናል፤ ዛሬ ስትመጣ ጠይቂያት።